ካብና ደብተር፤ የአንድ የደብረ ሲና ገበሬ ታሪክ

የሸዋን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ቢፈልግ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የአንኮበርን ቤተ መንግሥት፣ የ1909 ዓ.ም. የሰገሌን ጦርነት ያገኛል። ያን ሁሉ ሠራዊት ያበላው ገበሬ ግን በስሙ አይገኝም፤ ቢገኝም «ገባር» ወይም «ባላገር» ተብሎ በጅምላ ነው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ከነዚያ ስም ከሌላቸው ስለ አንዱ፣ ስለ አያታችን ነው። ዘመዳችን ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ገበሬ ዕድሜ በደንብ ከተነበበ የመሬት ሥሪታችንን ታሪክ ያሳያል ብለን ስለምናምን ነው።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ ሲኬድ ጣርማ በር ይደረሳል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንቁረው የሠሩት፣ ከ500 ሜትር የሚበልጠው ዋሻ እዚያ ነው። ከዋሻው ሲወጣ መሬቱ እንደ ግድግዳ ቁልቁል ይወርዳል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ይደርስና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይቀጥላል። ላይ ገብስና ባቄላ፣ መኻል ስንዴና ጤፍ፣ ታች ማሽላ ይበቅላል። ዝናቡም ሁለት ነው፤ በልግና ክረምት። እንዲህ ባለ አቀበት ላይ አፈሩ ከዝናቡ ጋር ተያይዞ ይወርዳልና ማረስ ብቻ አይበቃም፤ ድንጋይ መካብም ግድ ነው።

አያታችን የተወለዱት ኢጣልያ በወጣ ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም. ነው። አንድ በሬ ነበራቸው፤ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር እየተቀናጁ ያርሱ ነበር። አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በልግ ሳይመጣ፣ ጥር ላይ ሌላው ሰው ሠርግ ለሠርግ ሲዞር እሳቸው ድንጋይ ይለቅማሉ። መሠረቱን ይቆፍራሉ፤ ትልልቁን ድንጋይ ከታች ያስቀምጣሉ፤ ካቡን ወደ ተራራው ጋደል አድርገው ያነሡታል፤ ከጀርባው ጠጠር ይሞላሉ። ክረምት የናደውን መልሰው ይክባሉ። የሠሩት እንዲህ ሲሠሩ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።

ታዲያ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከካቦቻቸው አንዱ ከአባታቸው በወረሱት ጠባብ ርስት ላይ ነው፤ እሱን የጀመሩት ገና በጉብዝናቸው ነበር። ርስቱ ቤተሰብ ስለማይመግብ ታች ወርደው የሌላ ሰው መሬት የእኩል ያርሱ ነበር። እዚያ ግን ዓመታት ሙሉ አንድ ድንጋይ አላነሡም። ስንፍና ነው? የላዩ ካብ አይደለም ይላል። ጭሰኛ በማናቸውም ዓመት ሊነሣ ይችላል፤ ካቡ ግን ለባለመሬቱ ይቀራል። ዐሥራት በ1960 ዓ.ም. ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካም ይህ አልተለወጠም፤ ለመንግሥት የሚከፈለው ስሙና ልኩ ተለወጠ እንጂ የእኩሉ እኩል ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰለፉ። አያታችን ያን ጊዜ የ24 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ሰልፉንም አልሰሙም። ወሬው የደረሳቸው ከ10 ዓመት በኋላ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ ዐዋጅ ሲነገር ነው። የእኩል ያርሱት የነበረው መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል ለሳቸው ተሰጠ። በተከታዩ ጥር ሁለተኛው ካብ ተጀመረ። ኮታው ቢያማርራቸውም፣ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ እህላቸውን በተቆረጠ ዋጋ ቢያስረክቡም፣ ካቡ ግን አልቆመም።

የቆመው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት» ተባሉ። አያታችን የፍርድ ሸንጎ አባል ነበሩና ስሙ ደረሳቸው፤ ከካቡ ግማሹ ከነመሬቱ ለሌላ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት አዲስ ድንጋይ አልጨመሩም፤ የቀረውን ብቻ ይጠግኑ ነበር። ሦስተኛውን፣ አጭሩን ካብ የጀመሩት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከተሰጣቸው በኋላ፣ ስድሳን አልፈው ነው። በዚያ ደብተር ላይ የሳቸውም የአያታችንም የሴቷ ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። ለሥራው ድንጋይ በማቀበል ዕድሜያቸውን የጨረሱት እሳቸው በጽሑፍ የታወቁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ገበሬው አፈሩ ሲታጠብ እያየ ዝም ይላል፣ አላዋቂ ነው የሚሉ ሰዎች ካቦቹን ከነዘመናቸው ቢያነቡ ደግ ነው። ገበሬው ያውቃል፤ የሚያውቀውም አፈሩን ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ቃል ጭምር ነው። ቃሉን ባመነበት ዓመት ድንጋይ ያነሣል፤ በተጠራጠረበት ዓመት እጁን ይሰበስባል። ደብተሩም ቢሆን የይዞታ እንጂ የባለቤትነት አይደለም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህ ይበጃል ወይስ አይበጅም ብለን እኛ በክፍል ውስጥ እንከራከራለን፤ አያታችን ክርክራቸውን በድንጋይ ጽፈውት አለፉ።

ያረፉት በ2011 ዓ.ም. ነው። ልጆቻቸው ከተማ ገብተናል፤ እኛም የልጅ ልጆቻቸው ቀለም እንቆጥራለን። ያልተጠገነ ካብ ውሎ አድሮ እንደሚናድ የታወቀ ነው፤ የላይኛው አሁን ሆዱን ገፍቶ ወጥቷል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ የምናደርገውን እናድርግ። «ይህን ማን ካበው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ለምንስ እዚህ ላይ ቆመ?» ብላችሁ ሽማግሌ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉ። ሊናድ ከሆነም፣ ከመናዱ በፊት ይነበብ።