የጣርማ በር ቁልቁለት ስንት ሜትር ሄደ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ስታልፉ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጉሙ ምንም አያሳይም። በዚሁ ቁልቁለት ላይ፣ ደብረ ሲና አቅራቢያ፣ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ክረምቱ እንዳለፈ መሬቱ ተንሸራተተ። ቤትና ማሳ አብሮት ሄደ፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ።

ግን ስንት ሜትር ሄደ? ያኔ ሜትር ይዞ የቆመ ሰው የለም። ተመራማሪዎች መልሱን ያገኙት ከናዳው በፊትና በኋላ ከተነሱ የሳተላይት ምስሎች ነው። ኮምፒውተሩ ከፊተኛው ምስል አንዲት ትንሽ ቁራጭ ይይዝና በኋለኛው ላይ "የት ደረሰች?" እያለ ይፈልጋታል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት፣ መሬቱ የሄደው ያን ያህል ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከ1997 ክረምት በኋላ 48 ሜትር ገደማ፣ ከ1998 ክረምት በኋላ ደግሞ 114 ሜትር ገደማ። ዋናው ናዳ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የመጀመሪያውን ጉዞ ኤንቪሳት የተባለችው ሳተላይት ያነሳቻቸው የራዳር ምስሎችም ደገፉት፤ ራዳርን ጉም አያግደውም።

የከፍታው ለውጥስ? እሱ የታወቀው ከናዳው በፊት ከአውሮፕላን በተነሱ ፎቶዎች ነው። ያነሷቸው ሰዎች ስለ ናዳው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ፎቶዎቹ ተጠብቀው ባይቆዩ ኖሮ ግን ኮምፒውተሩ የቀድሞውን ተራራ ከምን ያመጣው ነበር?