የነጭ ሣር ፓርክና የነዋሪዎቹ የመሬት ጥያቄ

ከአርባ ምንጭ በስተምሥራቅ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል፣ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ ስፍራ በተለይ ቆርኬን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሜዳው የጉጂ አርብቶ አደሮች ግጦሽ፣ የሰርማሌ ወንዝ ዳርቻም የኮሬ ገበሬዎች ማሳ ነበር። ደርግ በ1974 ዓ.ም. በኃይል አስወጣቸው፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ተመለሱ።

በ1996 ዓ.ም. ፓርኩ አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ ድርጅት እንዲተላለፍ ሲወሰን፣ መንግሥት ነዋሪዎቹን የማንሳት ሥራ ጀመረ። ኮሬዎቹ ከፓርኩ ውጭ ምትክ መሬት አግኝተው ሰፈሩ። ጉጂዎቹ ግን አንነሣም አሉ፤ በኅዳር 1997 ዓ.ም. ከ400 በላይ ቤቶቻቸው መቃጠላቸው ተዘገበ። በነባር ቀዬው ልቆይ ያለው ወገን ጥያቄ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባው ነበር። ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም. ከፓርኩ እንደሚወጣ ሲያሳውቅ ጉጂዎች አሁንም በዚያው ይኖሩ ነበር።