ከገለባ ክምር እስከ ሲሚንቶ፦ የተረፈ ምርት አጭር ታሪክ

የአገራችን ገበሬ ተረፈ ምርትን ለግንባታ ማዋል የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ከሰነበተ በኋላ ሲለሰን ግድግዳው በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ጭዱ እንደ ጅማት ሆኖ ጭቃውን ያያይዘዋልና። የጥንት ሮማውያንም የእሳተ ገሞራ አመድን ከኖራ ጋር ቀላቅለው በውኃ ውስጥ ጭምር የሚጠነክር ማያያዣ ሠርተዋል።

የፋብሪካ ዝቃጭ ተራ የደረሰው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርመናዊው ኤሚል ላንገን ከብረት ማቅለጫ የሚወጣው ዝቃጭ በውኃ በድንገት ሲቀዘቅዝ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ እንደሚጠነክር አስተዋለ። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1953 በተገነባው የሀንግሪ ሆርስ ግድብም የድንጋይ ከሰል አመድ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ ሥራ ላይ ውሏል።

ከገበሬው ደጃፍ የደረሰው ግን የሩዝ ገለባ አመድ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ፒ. ኬ. ሜታ ከዚህ አመድ ለሚዘጋጅ ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ምሥጢሩ ሲሊካ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ይለቃል፤ በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካም ከዚያ ኖራ ጋር ተዋሕዶ ተጨማሪ ማያያዣ ይፈጥራል። ይህ የሚሆነው ግን ገለባው በተመጠነ ሙቀት ሲነድና አመዱ ልሞ ሲፈጭ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ሲሊካው ይደነዝዛል፤ ካነሰ ደግሞ ጥቁር ከሰል ይቀራል።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ የአገዳ አሠር አመድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርምሮ፣ ከሲሚንቶው 10 በመቶውን ቢተካ ጥንካሬ እንደማይቀንስ ታይቷል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የገባው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነበር። ዛሬ ሩዝ በሚፈለፈልበት ሁሉ ገለባው ይከመራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 100 ኩንታል ሩዝ ሲፈለፈል 20 ኩንታል ያህል ገለባ ይቀራል፤ ይህ ሲነድ 4 ኩንታል ያህል አመድ ይሰጣል። ለአንድ ገበሬ ኢምንት ነው፤ የብዙ ማኅበራት ምርት በአንድ ቦታ ሲፈለፈል ግን መጠኑ ሌላ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ይሁንና ተረፈ ምርት ሁሉ ለሲሚንቶ አይሁን። የጤፍና የስንዴ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ከበሬው አፍ ነጥቆ ለግድግዳ መስጠት ትርፍ አይደለም። የሩዝ ገለባ ግን ለመኖነት እምብዛም አይረባም። እንደ ነገሩ ሜዳ ላይ የተቃጠለ አመድም ሳይመረመር ለቤት ምሰሶ አይታመንም። ስለዚህ ዩኒየኖችና የወረዳ ባለሙያዎች አስቀድመው አመዱን በላቦራቶሪ ያስፈትሹ፤ ከዚያም ገለባው ዋጋ ሲያወጣ ገቢው ወደ አምራቹ ገበሬ እንዲመለስ በውል ይሰሩ።