የደቡብ ካሮላይና ዴሞክራቲክ ቅድመ ምርጫ (2020 እ.ኤ.አ.)

የደቡብ ካሮላይና ዴሞክራቲክ ቅድመ ምርጫ በአሜሪካ የዴሞክራቲክ ፓርቲን የፕሬዝዳንትነት ዕጩ ለመለየት ከተካሄዱት የግዛት ምርጫዎች አራተኛው ሲሆን፣ የተካሄደው የካቲት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. (29 ፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ.) ነው። ያሸነፉት የቀድሞው ምክትል ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን ነበሩ። ግዛቲቱ የነበሯት ልዑካን 54 ብቻ ነበሩ፤ ዕጩ ለመሆን ደግሞ 1,991 ያስፈልግ ነበር። ሆኖም ውጤቱ በአራት ቀን ውስጥ የውድድሩን መልክ ለወጠው።

ከምርጫው በፊት

ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ፣ በኔቫዳ ደግሞ ከበርኒ ሳንደርስ በሰፊ ልዩነት ተበልጠው ሁለተኛ ወጥተዋል። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ለዕጩነት ሲወዳደሩም አንድም ግዛት አላሸነፉም። ተስፋቸው የነበረው ከዴሞክራት መራጮቿ ከግማሽ በላይ ጥቁር አሜሪካውያን በሆኑባት ደቡብ ካሮላይና ነበር። የካቲት 18 ቀን የግዛቲቱ አንጋፋ የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ድጋፋቸውን ሰጧቸው። ድሉ የክላይበርን ብቻ ነው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ ባይደን በዚያች ግዛት ድሮም ጠንካራ ነበሩ።

ውጤትና ተከታዩ

ባይደን ወደ 49 ከመቶ ድምፅና 39 ልዑካን ሲያገኙ በ46ቱም አውራጃዎች ቀዳሚ ሆኑ። ሳንደርስ 20 ከመቶ በማይሞላ ድምፅ 15 ልዑካን ወሰዱ። ቶም ስታየር 11 ከመቶ ያህል ቢያገኙም ልዑካን ለማግኘት የሚጠየቀውን 15 ከመቶ ስላልደረሱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

የ24 ልዑካን ብልጫ በራሱ ብዙ አይደለም። ዋናው ነገር ለዘብተኛ መራጮች እስከዚያ ቀን ድረስ በበርካታ ተወዳዳሪዎች መካከል ተከፋፍለው መቆየታቸው ነው። ስታየር በዚያው ምሽት፣ ፒት ቡቲጄጅ በማግስቱ፣ ኤሚ ክሎቡሻር ሰኞ ዕለት ከውድድሩ ወጡ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ሰኞ ማታ በዳላስ ለባይደን ድጋፋቸውን ገለጹ። ማክሰኞ 14 ግዛቶች ድምፅ በሰጡበት «ሱፐር ቱስደይ» ባይደን አሥሩን አሸነፉ። ከእነዚህ መካከል የክሎቡሻር ሚኔሶታና የኤልሳቤጥ ዋረን ማሳቹሴትስ ይገኛሉ። ብዙ ሰዎች በፖስታ ቀደም ብለው በመረጡባት ካሊፎርኒያ ግን ሳንደርስ ቀንቷቸዋል። ማይክል ብሉምበርግ በማግስቱ፣ ሳንደርስ መጋቢት 30 ቀን ውድድሩን አቆሙ።

ግዛቲቱ ሁልጊዜ እንዲህ አትወስንም። በ2012 እ.ኤ.አ. በሪፐብሊካኖች ቅድመ ምርጫ ኒውት ጊንግሪች እዚያው አሸንፈው ከአሥር ቀን በኋላ በፍሎሪዳ በሚት ሮምኒ ተሸንፈዋል፤ ከድላቸው በኋላ ተፎካካሪዎቻቸው ቦታ አልለቀቁላቸውም ነበር። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጊዜ ሰሌዳ ደቡብ ካሮላይናን ከአዮዋና ከኒው ሃምፕሸር አስቀድሞ አንደኛ አደረጋት።