የእንፍራንዝ ቁም ጸሐፊና የኮምፒውተር ማከማቻ

እንፍራንዝ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጉዛራ ግንብ ይሄዳል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደታነጸ የሚነገርለት ይህ ግንብ ለአገሩ ኩራት ነው። መረጃ እንዴት እንደሚቀመጥ ለሚጠይቅ ልጅ ግን ከግንቡ ይልቅ በዚያው አገር ይሠራ የነበረው የመጽሐፍ ግልበጣ የበለጠ ይነግረዋል። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ የተወለደው ዘርዐ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሰዶ በመጨረሻ እንፍራንዝ ገባ። ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተቀምጦ ልጆች አስተማረ፤ ዳዊት እየገለበጠም እንጀራውን አገኘ። ኮምፒውተር ከየት እንደመጣ ስንናገር ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ላቦራቶሪ እንጀምራለን፤ ለመሣሪያው ይህ እውነት ነው። መሣሪያው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ግን የቁም ጸሐፊው ጥያቄዎች ናቸው። ነገርን በምን ምልክት እንጽፋለን? ምልክቱን በምን ላይ እናኖራለን? ቅጂው ከምንጩ አለመዛነፉንስ በምን እናውቃለን? እኔ ክብደቱን የምሰጠው ለሦስተኛው ነው። መረጃን ለዘመናት ያቆየው የቆዳው ጥንካሬ ሳይሆን የመገልበጥና የማመሳከር ልማድ ነውና።

ከምልክቱ እንጀምር። ቁም ጸሐፊው የሰውን ድምፅ በፊደል ይከፋፍላል፤ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ፣ ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ ይለያል። ኮምፒውተር ግን ፊደል አያውቅም። የሚለየው ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው፤ እኛ 1 እና 0 እያልን እንጽፋቸዋለን። አንዷ ምልክት ቢት ትባላለች፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል አስቀድሞ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል ሲያስገባ፣ «እ» 4773 የሚል ቁጥር ደረሳት። ይህ ቁጥር ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ ሲቀመጥ 11100001 10001010 10100101 ይሆናል፤ ሦስት ባይት ማለት ነው። «እንፍራንዝ» ስድስት ፊደል ነውና 18 ባይት፣ ማለትም 144 ቢት ይወስዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድ ባይት ይበቃዋል። ሠንጠረዡን ቀድመው የጀመሩት ሰዎች አጭሩን ቁጥር ለራሳቸው ፊደል ወሰዱ፤ ዘግይቶ የመጣ ረጅሙን ይይዛል።

ምልክቱ ማረፊያ ይሻል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ብራና ይሆናል። ጸሐፊው በወስፌ መስመር ያሰምርበትና በመቃ ብዕር ይጽፋል፤ ጽሑፉ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መነሻ በቀይ። በኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ውስጥ በቀለም ፈንታ ማግኔት አለ። በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ቦታዎች ማግኔታዊ አቅጣጫቸው ወዲህ ወይም ወዲያ እንዲዞር ይደረጋል፤ መሣሪያው ከዚያ 1 እና 0ን ያነባል። በፍላሽና በስልክ ውስጥ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ በየክፍሉ የታሰረው የኤሌክትሪክ ሙላት መጠን ነው የሚነበበው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። ብራና መቶ ዓመታትን ይሻገራል፤ ሃርድ ዲስክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል፤ ታዲያ ምኑን አገናኘሃቸው? ይባላል። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን የጎንደርን ታሪክ ያየ ሰው በቆዳው ዕድሜ ብዙም አይመካም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ወስደው መቅደላ ላይ ሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ተሻገሩ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1888፣ ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። ብራናው ጠንካራ ነበር፤ ጥንካሬው ከዘረፋም ከእሳትም አላዳነውም። ዳዊት ግን በየደብሩና በየቄሱ እጅ ቅጂ ነበረውና አንድ ደብር ቢነድ አልጠፋም። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም አስፈላጊ መረጃን በአንድ ቤት ብቻ አያኖሩም፤ ሌላ ቅጂ ራቅ ባለ ስፍራ ያስቀምጣሉ።

ቅጂ መብዛቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚገለብጥ እጅ ይሳሳታል። በዳዊት ላይ ስሕተትን የሚይዘው የብዙ ሰው ቃል ነበር። ተማሪው ከልጅነቱ በቃሉ ይዞታልና አንድ ቃል ተዛንፎ ሲነበብ ጆሮው ይነቃል። ኮምፒውተር ይህን በቆጠራ ያደርጋል። ከላይ ካየናቸው ባይቶች ሁለተኛው፣ 10001010፣ ሦስት 1 አለው። አንድ ተጨማሪ 1 ቢታከልለት ጠቅላላው አራት፣ ማለትም ተጋማሽ ቁጥር ይሆናል። በኋላ አንዷ ቢት ከ1 ወደ 0 ወይም ከ0 ወደ 1 ብትለወጥ ቆጠራው ተጋማሽ መሆኑ ይቀራል፤ መሣሪያውም ስሕተት መኖሩን ያውቃል። ሁለት ቢት አብረው ከተለወጡ ግን ይህ ዘዴ አያያቸውም፤ ስለዚህ ከዚህ የረቀቁ ዘዴዎች ተፈጥረዋል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ሐተታውን ራሱን የሚጠራጠሩ አሉ። ዛሬ የሚታወቁት ሁለት ቅጂዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በኩል ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የደረሱ ናቸው። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ፤ ኦይገን ሚትቮህም በ1934 ደገፈው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እንግዲህ ዘርዐ ያዕቆብ ፈጠራ ከሆነ የእንፍራንዙ ጸሐፊህ ምን ይሆናል? እባላለሁ። ግልበጣው በአንድ ሰው መኖር ላይ የቆመ አይደለም፤ በየደብሩ ያለው ብራና ምስክሩ ነው። ክርክሩ እንዲያውም የያዝኩትን ነገር ያጠናክራል። ሐተታው እንደ ዳዊት በብዙ እጅ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይቻል ነበር። ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ እጅ ስላለፉ አንዱ ለሌላው ነጻ ምስክር መሆን አቃተው።

ዛሬ መገልበጥ ቀሏል። ጸሐፊው ወራት የሚደክምበትን ዳዊት ስልክ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ይቀዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ብዙ ሺህ መጻሕፍትን አንስቶ፣ አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኒሶታም ቅጂ እንዲኖር አድርጓል። ሐተታውም በስንቱ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ቅጂዎች ወደ ኋላ ሲከተሏቸው መድረሻቸው የፓሪሶቹ ሁለት መጻሕፍት ናቸውና፣ ክርክሩን በአንድ ጋት አያራምዱትም። የሚያራምደው ከ1850ዎቹ በፊት የተገለበጠ፣ በዳ ኡርቢኖ እጅ ያላለፈ አንድ ብራና ነው፤ በእንፍራንዝ ዙሪያ ካሉ አድባራት ከአንዱ ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ይሆናል።