ኬክሮስ፦ ከጊዜ መስፈሪያ ወደ ቦታ ማመልከቻ

በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ኬክሮስ የጊዜ መስፈሪያ ነው። አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ አንዱ ኬክሮስም በ60 ካልዒት ስለሚከፈል፣ ኬክሮስ በዛሬው አቈጣጠር 24 ደቂቃ ይሆናል። በጂኦግራፊ መጻሕፍት ግን ይኸው ቃል አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት የሚገልጽ ሆኗል፤ ምሥራቅና ምዕራቡን ደግሞ ኬንትሮስ ያመለክታል። ቃሉ ጊዜን ትቶ ወደ ቦታ ዞረ ማለት ነው። የምድር ልኬት ታሪክ ግን ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ያሳየናል።

ለምሳሌ በባሌ የሚገኘውን የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል እንውሰድ። ሥፍራው በጥናት ጽሑፎች ላይ 7 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ፣ 40 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ተብሎ ይጠቀሳል። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አገላለጹ ማዕከሉን ለማግኘት ቢበቃም፣ የስንዴ ማሳ ድንበር ለመለየት አይበቃም። ለድንበር፣ ልኬቱ ከየት እንደ ተነሣና መቼ እንደ ተለካ መታወቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ በተካሄደው የምድር ልኬት፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ የምትገኘው አዲንዳን መነሻ ሆነች፤ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎችም በዚሁ መነሻ ተሠሩ። የሳተላይት ልኬት ግን የሚነሣው ከምድር ማእከል ነው። ስለዚህ ያው ቍጥር በሁለቱ ሥርዓቶች ከመቶ ሜትር በላይ የተራራቁ ነጥቦችን ያመለክታል።

መነሻው ቢታወቅም ጊዜው ይቀራል። ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ ያለው አገር በኑቢያ፣ በስተምሥራቅ ያለው የባሌ ደጋ በሶማሊያ የምድር ቅርፊት ላይ ነው። ሁለቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለቱም ደግሞ በዓመት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛሉ። በ50 ዓመት የሲናና ማሳ አንድ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ጎረቤታሞች ማሳዎች አብረው ስለሚጓዙ ድንበሩ አልተነካም፤ የተለወጠው ቍጥሩ ነው። ሆኖም የአባትና የልጅ ሰነድ ያለ ዘመን ቢተያዩ፣ ሁለቱም እውነት ሳሉ አንዱ ሐሰት ይመስላል።

ከ1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየጊዜው የሚታደሰው ዓለም አቀፍ የምድር ማጣቀሻ ሥርዓት ለየጣቢያው ሥፍራውን፣ ፍጥነቱንና ዘመኑን አብሮ ይሰጣል። እኛም ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ዘመነ ልኬት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ቃሉ በይዞታ ሰነድ ላይ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ቀጥሎ ቢሰፍር፣ ተከታዩ ትውልድ ቍጥሩን አስልቶ ወደ ማሳው ለመመለስ ይችላል።