በጀርመን ሼፐርድ ውሾች ላይ የሚከሰተው የቆዳና የኩላሊት በሽታ ዘረ-መላዊ መንስኤ

በውሻ ቆዳ ላይ ቀስ በቀስ የሚወጡ ጠንካራ እብጠቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ የቆዳ ችግር ይታያሉ። በጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ውሾች ላይ እንዲህ ያሉ እብጠቶች በርከት ብለው ሲገኙ ግን በሁለቱም ኩላሊቶች ውስጥ በማደግ ላይ ያለ ካንሰር ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በሽታው ብዙም የማያጋጥም ቢሆንም በዘር የሚተላለፍ በመሆኑ ከአንድ ውሻ አልፎ መላውን የዘር ሐረግ የሚመለከት ነው።

በሽታው በዘር የሚወረስ መሆኑን በዝርዝር የገለጹት ቢዮርን ሊዩምና ላርስ ሞ የተባሉ የኖርዌይ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በቆዳ ላይ የሚታዩት እብጠቶችና በኩላሊት ውስጥ የሚያድጉት በፈሳሽ የተሞሉ ከረጢቶችና ዕጢዎች የአንድ በሽታ ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን አመልክተዋል። በሴት ውሾች ላይ ከእነዚህ በተጨማሪ የማህፀን ጡንቻ ዕጢ ይከሰታል።

የቆዳው እብጠቶች በአብዛኛው በእግሮችና በጭንቅላት ላይ ይወጣሉ። ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን የተሰኘ ፕሮቲን በብዛት በመከማቸቱ የሚፈጠሩ በመሆናቸው በራሳቸው ካንሰር አይደሉም። ለሕይወት አስጊ የሆነው የኩላሊቱ ዕጢ ነው። ዕጢው ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ካደገ በኋላ የምግብ ፍላጎት መቀነስን፣ ክብደት ማጣትን፣ ከፍተኛ የውሃ ጥምን ወይም ደም የተቀላቀለበት ሽንትን ያስከትላል፤ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎችም ሊሰራጭ ይችላል።

የበሽታውን ዘረ-መል ለማግኘት የተደረገው ጥረት የሰውን ሕክምናም ያካተተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በርት፣ ሆግና ዱቤ የተባሉ ሦስት የካናዳ ሐኪሞች በአንድ ቤተሰብ አባላት ላይ የታየ በዘር የሚወረስ የቆዳ ዕጢ በሽታን ገልጸው ነበር። በስማቸው የሚጠራው ይህ በሽታ የኩላሊት ዕጢንም እንደሚያስከትል ከጊዜ በኋላ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የውሾቹ በሽታ መንስኤ በ5ኛው የውሻ ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ለሰዎቹ በሽታ መንስኤ የሆነው ፎሊኩሊን የተሰኘው ዘረ-መል በ17ኛው የሰው ክሮሞዞም ላይ ተገኘ። በዓመቱም ፍሮዴ ሊንጋስ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ባወጡት ጥናት የታመሙት ውሾች በዚሁ ዘረ-መል ላይ ለውጥ እንዳለባቸው ይፋ አድርገዋል።

ፎሊኩሊን የህዋሳት እድገት ከልክ እንዳያልፍ ከሚቆጣጠሩ ዘረ-መሎች አንዱ ነው። በታመሙት ውሾች ላይ የተገኘው ስህተት እጅግ ጥቃቅን ነው። ዘረ-መሉ በሚያሠራው ፕሮቲን ውስጥ በ255ኛው ቦታ መገኘት የነበረበት ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ አርጂኒን በተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክቷል።

ማንኛውም ውሻ የዚህን ዘረ-መል አንድ ቅጂ ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። በሽታው እንዲከሰት ከሁለቱ ቅጂዎች የአንዱ መበላሸት በቂ ነው። ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹባቸው ጽንሶች በማህፀን ውስጥ ይሞታሉ። በመሆኑም በሽታው ያለበት ውሻ ጤናማ ከሆነ ውሻ ጋር ሲዳቀል እያንዳንዱ ቡችላ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሁለት በሽታው ያለባቸው ውሾች ከተዳቀሉ ደግሞ ከጽንሶቹ በአማካይ አንድ አራተኛው ሳይወለዱ ይጠፋሉ፤ ከሚወለዱት መካከል ሁለት ሦስተኛው የበሽታው ወራሾች ይሆናሉ።

ችግሩን የሚያባብሰው የጊዜው ጉዳይ ነው። የቆዳው እብጠቶች በአብዛኛው የሚስተዋሉት ውሻው 5 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ ተፈላጊ ወንድ ውሻ በርካታ ቡችላዎችን አፍርቶ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ በሽታው ወደ ቀጣዩ ትውልድ እንዲሸጋገር መፍቀድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የዘረ-መል ምርመራ ነው። ምርመራው ከደም ወይም ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በሚወሰድ ናሙና የሚከናወን ሲሆን፣ የውሻው ዕድሜ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆንም ውጤቱ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ምርመራው የሚያረጋግጠው የዚህን አንድ ለውጥ መኖር ወይም አለመኖር ብቻ እንጂ ውሻው ከማንኛውም የኩላሊት ሕመም ነጻ መሆኑን አይደለም።

በሽታውን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቁስል የፈጠሩ ወይም አካሄድን ያወኩ እብጠቶችን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ይቻላል። ዕጢው ሁለቱንም ኩላሊቶች ስለሚያጠቃ ግን አንዱን ኩላሊት ማውጣት ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። በውሻቸው ቆዳ ላይ በርካታ ጠንካራ እብጠቶችን ያስተዋሉ ባለቤቶች የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ቀርበው ከእብጠቱ ናሙና እንዲወሰድና ኩላሊቶቹ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ ማድረግ ይኖርባቸዋል። አርቢዎች በበኩላቸው ውሾቻቸውን ከማዳቀላቸው በፊት ቢያስመረምሩና ለውጡ የተገኘባቸውን ከእርባታ ቢያገሉ፣ በሽታው በእነርሱ የዘር ሐረግ ውስጥ በአንድ ትውልድ ሊገታ ይችላል።